የረቡዕ ዶሮና የሩቅ ዘመዶቻችን

በረቡዕ ቀን፣ የንስሐ አባታችን ፊት፣ ጉንጬን በዶሮ ወጥ ወጥሬ የቆምኩት ልጅ እኔ ነኝ። ፒያሳ ውስጥ ወሬው በብዙ ዓይነት ስለሚወራ ከባለቤቱ ብትሰሙት ይሻላል። አንዳንዱ «ሙሉ ዶሮ በላች» ይላል። ሐሰት ነው። የበላሁት አንድ ጉርሻ ብቻ ነው። እርግጥ ጉርሻው የአክስቴ ጉርሻ ነው፤ የአክስቴን ጉርሻ የምታውቁ ሰዎች «ታዲያ ምን ልዩነት አለው?» ብትሉ አልፈርድባችሁም።

መጻፌ አይግረማችሁ። እኔ የማልችለው መናገር ነው። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ አራት ኪሎ መውረድ ሲገባኝ መገናኛ ድረስ ሄጄ አውቃለሁ። እዚያም ቢሆን የወረድኩት ረዳቱ «መጨረሻ ነው እናቴ» ስላለኝ ነው። ወረቀት ግን አያፈጥብኝም፤ «ጮክ በይ፣ አይሰማም» አይለኝም።

ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። እናቴ ስትሞት አክስቴ እትዬ አስካለ ወደ እሳቸው ቤት አመጡኝ፤ ትምህርቱ እዚያው ከነደብተሩ ቀረ። የሰው ልጅ ከየት እንደመጣ የሚያስተምሩት ላይኛው ክፍል ነው አሉ። ስለዚህ እኔ ጦጣዋ ጋ ሳልደርስ ነው ያቋረጥኩት።

የምንኖረው ከፈረሰው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተርፋ በቀረች አንዲት ግቢ ውስጥ ነው። ፈረሳው ሰፈሩን ሲጠርግ መጥቶ እኛ አጥር ሥር ሲደርስ መንገዱ ታጠፈ። አክስቴ «ያጠፈው ቅዱስ ገብርኤል ነው» ይላሉ። መሐንዲሱ ካርታ ዘርግቶ ሲለካ በዓይናቸው አይተዋል፣ ሻይም ሰጥተውታል፤ ቢሆንም ያጠፈው ገብርኤል ነው። አክስቴ እንደዚህ ናቸው። ጾም ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። በጾም ቀን ቴሌቪዥኑ የቅቤ ማስታወቂያ ካሳየ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

እኔ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ከባንኮኒው ኋላ እሠራለሁ። ለኔ ዓይነቷ የተፈጠረ ሥራ ነው። «ይጠቀለል?» ማለት ከቻላችሁ ይበቃል። የምጠቀልልበትም ደንብ አለው። የጾሙን ኬክ ካርቶን በአረንጓዴ ገመድ፣ ቅቤና እንቁላል ያለበትን በቀይ ገመድ አስራለሁ፤ ሰው ቤቱ ወስዶ እንዳይሳሳት ነው። ይህን ገመድ አደራ አትርሱት።

ኪዳነማርያም የመጣው እንግዲህ እዚህ ባንኮኒ ላይ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ ብቻውን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። መጀመሪያ የተናገረኝ ቃል «የጾም አለ?» የሚል ነው። «አለ» አልኩ። ለብዙ ጊዜ ፍቅራችን ይኸው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን፣ ሰው ከኋላው ተሰልፎ እያለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሽማግሌ ብልክ አክስትሽ ይቀበሉኛል?» አለኝ። ክው አልኩ። አዎ ማለት አቃተኝ፣ አይ ማለት አልፈለግሁም። የታሰረውን ካርቶን ፈትቼ አንድ ኬክ ጨመርኩና መልሼ አሰርኩት። ገባው። መምህር አይደል!

አክስቴም ሲሰሙ «መምህር? ስሙስ ኪዳነማርያም? እሰይ!» ብለው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ተቀጠሩ።

ሰኞ ዕለት ግን ጎረቤታችን እትዬ የሺ ነጠላቸውን በወጉ እንኳ ሳያጣፉ ገቡ። ልጃቸው ማርታ የኪዳነማርያም ተማሪ ናት።

«አስካለ፣ ተቀመጪ» አሉ።

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«እንደሱ አይደለም፣ ደንበኛ አድርገሽ ተቀመጪ። ይህ ልጅቷን የሚያገባው መምህር፣ ሰው ከጦጣ ነው የመጣው ብሎ ያስተምራል።»

አክስቴ አማተቡ። «የቱ ሰው?»

«ሁሉም ሰው።»

«እኔም?»

«አንቺም።»

«እናቴም?»

«ነፍሳቸውን ይማረውና እሳቸውም።»

አክስቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እናታቸውን እያስታወሱ፣ ምናልባትም ፊታቸውን በሐሳባቸው እየመረመሩ ነበር። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ፈረዱ። «ሰውን ጦጣ ካመጣው እግዚአብሔር ምን ሠራ ሊል ነው? ምንም። ምንም ካልሠራ ደግሞ የለም ማለቱ ነው። ልጄን ከሓዲ ሊያገባት ነው! እሑድ ሽማግሌዎቹን ከደጅ ነው የምመልሳቸው!»

እኔ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ለቅሶዬን ማንም አልጠረጠረም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ደንግጫለሁ። ኬክ ሲቀበለኝ ያየሁት የእጁ ጀርባ ፀጉር ትዝ አለኝ። ቀጥዬ መስታወት ፊት ቆሜ የራሴን ጆሮ መረመርኩ። ሰው አንዴ ጥርጣሬ ከገባው የገዛ ጆሮው እንኳ ደህና አይመስለውም። ግን ያ ሰው፣ «የጾም አለ?» ብሎ በለሆሳስ የሚጠይቀኝ ሰው፣ እንዴት ፈጣሪ የለም ይላል? ሁለቱ አልገጥም አሉኝ።

ማክሰኞ ሥራ ገብቼ ለመጠየቅ ቆረጥኩ። የኬክ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ታምሩ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ የተማሩ ናቸው፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ከገንዘብ መሳቢያው አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ግማሽ ቀን ተለማምጄ «ጋሼ» አልኩ።

በድንጋጤ ክሬሙን አስቀመጡት። ጠርቻቸው አላውቅምና።

«ሰው ከጦጣ መጣ የሚል ሰው... እግዚአብሔርን ያምናል?»

«አያምንም!» አሉ ወዲያው። «አንዱን መምረጥ ነው፤ ወይ ያንን ወይ ይህንን። በቃ።» ክሬሙን አንስተው ትንሽ ከቀቡ በኋላ ግን እጃቸው ቆመ። «ወንድሜ ሐኪም ነው። እሱ በዚህ ነገር ያምናል። ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው።»

«እሳቸውስ... ይጸልያሉ?»

«ከእኔ ይበልጥ ይጸልያል» አሉ ተናድደው። «እሱ ነው የሚያቃጥለኝ!»

ከዚህ መልስ ምን ይዤ ልሂድ? ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ አስፈቅጄ ሽቅብ ወደ አምስት ኪሎ ሄድኩ፤ ሙዚየሙ ውስጥ ድንቅነሽ አለች ሲባል ስለሰማሁ በዓይኔ ልያት ብዬ ነው። መስታወት ውስጥ ነበረች። አጥንቷ ጎዶሎ ነው፤ ቁመቷ ደግሞ እኔን አታክልም፤ እኔ ራሴ የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ ያለውን ኬክ ለማውረድ በርጩማ የምፈልግ ሰው ነኝ። አሳዘነችኝ። ሰው የሟች አጥንት ፊት ቆሞ ምን ይላል? «ነፍስ ይማር» አልኩ፤ ነጠላዬንም አስተካከልኩ። አጠገቤ የነበሩ የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ወጡ። ጥበቃው ግን አልሳቀም። «እስከ ዛሬ ማንም አላላትም» አለኝ።

ቤት ስገባ አክስቴ ዶሮ እየገነጠሉ ነው።

«ነገ ከሥራ መልስ ልጁን ጥሪው» አሉኝ። «ሽማግሌው ሳይመጣ ልየው ብላለች በይው።»

«ነገ እኮ ረቡዕ ነው፣ እትዬ።»

«ረቡዕ መሆኑን ካንቺ ነው የምማረው?» አሉና ቢላዋውን አስቀመጡ። «ስሚ። በአፉ ብጠይቀው መምህር ነው፣ ያሳምነኛል። በሆዱ ነው የምጠይቀው። በረቡዕ ዶሮ ከበላ ፈጣሪን አይፈራም ማለት ነው፤ ነገሩ አለቀ። ካልበላ ደግሞ እሑድ ሽማግሌው ይግባ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። የሺ ከሰማች ማርታ ትሰማለች፣ ማርታ ከሰማች እሱ ተዘጋጅቶ ይመጣል።»

እንዴት ደንግጬ እንዳደርኩ አትጠይቁኝ። ላስጠነቅቀው ስልኬን ሳነሳ አክስቴ ከጎኔ መጥተው ቆሙ። ጻፊ ያሉኝን ጽፌ ስጨርስ፣ ዞር ሲሉልኝ «ነገ ረቡዕ ነው» የሚል ብቻ መጨመር ቻልኩ። ወዲያው መለሰ፦ «አውቃለሁ፣ በሰዓቱ እደርሳለሁ።»

ረቡዕ ከሰዓት አክስቴ የእመቤታችንን ሥዕል በነጠላ ሸፈኑት። «ይቅር በዪኝ፣ ለልጅቷ ብዬ ነው» ሲሏት ሰምቻለሁ። ከዚያ የፍስኩን ድስት እሳት ላይ ጣዱት። አሁን እስቲ ፍረዱ፤ ዶሮ ወጥ ሞቆ ምሥጢር ይጠብቃል? ሽታው መጀመሪያ ግቢውን፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ ቀጥሎ ገብርኤል ያጠፈውን መንገድ ተሻገረ። ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት እጇን ከገመዱ ላይ ሳታወርድ ደርቃ ቀረች። እትዬ የሺ በር ላይ መጥተው አፍንጫቸውን ወደ ላይ አደረጉ።

«አስካለ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሽሮ!» አሉ አክስቴ በሩን በጀርባቸው ደግፈው።

«ሽሮው ብልት አለው እንዴ?»

«የሺ፣ ወደ ቤትሽ!»

እትዬ የሺ ፊታቸው አመድ መስሎ ሄዱ። ወደ ቤታቸው የሄዱ መስሎን ነበር። ለካስ «አስካለ ሃይማኖቷን ለወጠች፣ ይድረሱልን!» ብለው የንስሐ አባታችንን መምሬ ተክሌን ሊጠሩ ቤተ ክርስቲያን ነው የሮጡት።

ኪዳነማርያም በሰዓቱ ደረሰ። ኮት ለብሷል፤ በእጁ ከእኛ ኬክ ቤት የተገዛ ካርቶን ይዟል። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ዓይኔ ገመዱ ላይ አረፈ። አረንጓዴ ነው! ልቤ ዘለለች። «እትዬ፣ ገመዱን ይዩት!» ብዬ ልጮህ ፈለግሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ናት። አክስቴ ካርቶኑን በክርናቸው ገፋ አድርገው የዶሮውን ሳህን በቦታው አኖሩት።

የልጁን ፊት ብታዩት! መጀመሪያ ሳህኑን አየ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየ። ጥቅምት ነው፤ ፋሲካ አልፎ ሃምሳው ቀን ውስጥ ነን እንዳይል ያ ሩቅ ነው። ከዚያ በነጠላ የተሸፈነውን ሥዕል አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ብላ እንጂ ልጄ» አሉ አክስቴ።

«እትዬ፣ ሆዴን ትንሽ... ምሳም ዘግይቼ ስለበላሁ...»

«ምሳ በላሁ ይላል! ምን በላህ?»

«ምስር፣ እትዬ።»

«ምስር ምግብ ነው? እንካ!» አክስቴ እንጀራውን ጠቀለሉ፤ ቅልጥሙን፣ ግማሽ እንቁላሉን፣ አይቡን አከሉበት። ፈተና ከሆነ ከባድ መሆን አለበት ብለው ነው መሰለኝ፣ ጉርሻው የልጅ ጭንቅላት አከለ። ብድግ ብለው አፉ ሥር አደረሱት። «በሞቴ!»

«እትዬ፣ እባክዎ...»

«አፈር ስሆን! ቅበረኝ! የእናት እጅ ይመለሳል?»

እንግዲህ ሐበሻ የሆናችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ሊያገባት ባሰባት ልጅ ቤት፣ እንደ እናቷ ያሳደገቻት ሴት ቆማ «በሞቴ» እያለች የዘረጋችውን ጉርሻ እምቢ ያለ ሰው እስካሁን አልተወለደም፤ ከጦጣም ሆነ ከሌላ። ላብ ከግንባሩ ወረደ። ወጡ በአክስቴ ክንድ ላይ ወረደ። ዓይናቸውን ሳይ ገባኝ፤ በአፋቸው «ብላ» እያሉ በሆዳቸው «እባክህ አትብላ» ይላሉ። ሁለቱም ሊያለቅሱ ደርሰዋል።

በመጨረሻ ኪዳነማርያም አፉን ከፈተ።

አለቀልኝ አልኩ። እሑድ ቀረ፣ ሽማግሌው ቀረ፣ ሁሉም ቀረ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ያደረግሁት እኔ አይደለሁም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ፊት እጇን ለማውጣት የምታፍር ልጅ ከወንበሯ ተስፈንጥራ አንገቷን በሁለቱ መካከል አስገብታ ጉርሻውን ከአክስቷ እጅ በአፏ ነጠቀችው። ሙሉውን። ከነቅልጥሙ።

በዚያው ቅጽበት የበሩ መጋረጃ ተገለጠ፤ መምሬ ተክሌ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ፤ ከኋላቸው እትዬ የሺ።

መምሬ ሳህኑን፣ የተሸፈነውን ሥዕል፣ በመጨረሻም የእኔን ጉንጭ አዩ። ልውጠው፣ ረቡዕ ነው። ልትፋው፣ የአክስቴ ጉርሻ ነው፤ ደግሞስ ካህን ፊት ይተፋል? በጣቴ ወደ ካርቶኑ ገመድ አመለከትኩ። «ኬክም ልጨምር ብላ ነው?» አሉ እትዬ የሺ።

«ልጄ!» ብለው መምሬ ጮኹ። ድንጋጤው ዋጠልኝ። አጥንቷ ብቻ እጄ ላይ ቀረች።

«አስካለ፣ ይህ ምንድን ነው?»

አክስቴ መሬት ላይ ቁጭ አሉና ሁሉንም ዘረገፉት፤ ጦጣዋን፣ ከሓዲውን፣ ፈተናውን። ሲጨርሱ ግን ለንስሐ ሳይሆን ለክስ ተነሡ፤ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው «አሁን በምን ላውቅ ነው አባቴ? አፉን ከፍቶ ነበር! ሊበላ ይሁን ሊናገር ማን ያውቃል? ማስረጃዬን በላችው!» አሉ።

«ልናገር ነበር» አለ ኪዳነማርያም በቀጭን ድምፅ። «ረቡዕ ነው ልል ነበር። እኔ እኮ አባቴ፣ እነሱ ጾም የተዉ መስሎኝ ነው የደነገጥኩት። ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ምን ብዬ ነው የምነግራት እያልኩ ነበር።»

«እኔ? ጾም የተውኩ? እኔ አስካለ?» አክስቴ በሕይወታቸው እንዲህ ተሰድበው አያውቁም።

መምሬ ተቀመጡ። «ልጄ፣ እስቲ ንገረኝ። ሰው ከጦጣ ተወለደ ትላለህ?»

«እንደሱ አልልም አባቴ። ሰውና ጦጣ በጣም፣ በጣም ድሮ አንድ የሩቅ ዘመድ ነበራቸው ነው የምለው።»

«ዘመድ!» አሉ አክስቴ። «ሰማችሁ? ዘመድ አለ! ታዲያ ለሠርጉ ስንት ወንበር እንያዝላቸው?»

«እግዚአብሔርስ?» አሉ መምሬ።

«እሱን ትቼ የት እሄዳለሁ አባቴ? ከአፈር አበጀው ይላል መጽሐፉ። እኔ የማስተምረው ያ አፈር ሰው እስኪሆን የሄደውን መንገድ ነው። መንገዱ ረጅም ነው ማለት የመራው የለም ማለት ነው?»

መንገድ ሲባል መምሬ ወደ አክስቴ ዞሩ። «አስካለ፣ ይህችን ግቢ ከፈረሳ ያዳናት ማን ነው?»

«ቅዱስ ገብርኤል ነዋ!»

«መሐንዲሱስ መንገዱን አላጠፈም?»

«አጠፈ እንጂ፤ ገብርኤል እጁን ይዞት!»

«እንግዲያው...»

«መንገድና ጦጣ አንድ ነው እንዴ አባቴ?»

«አንድስ አይደለም» አሉ መምሬ። «እኔም ብሆን ይህ የጦጣ ነገር አይዋጥልኝም።» አይዋጥልኝም ሲሉ ሁሉም እኔን አዩኝ። «ግን አልተዋጠልኝም ማለትና አንተ ከሓዲ ነህ ማለት ሁለት ነገር ነው።»

«ሰው በአፉ ያሻውን ይላል» አሉ አክስቴ እንባቸውን እየጠረጉ። «እናቷ አደራ ብላ የሰጠችኝ ልጅ ናት። ልቡን ሳላይ አልሰጥም። እሑድ ማንም እንዳይመጣ።»

ኪዳነማርያም ኮቱን አስተካክሎ ተነሣ። ሊሄድ ነው። ካርቶኑን እንኳ አላነሳም።

«ይጾማል» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ማነው የተናገረው?» አሉ መምሬ ዞር ዞር ብለው። አይፈረድባቸውም፤ በንስሐ ጊዜ እንኳ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ እንጂ ድምፄን አያውቁትም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ገመዱ አረንጓዴ ነው።» ከዚያ ስለ አረንጓዴውና ስለ ቀዩ ነገርኳቸው። እትዬ የሺ ካርቶኑን ፈትተው አሸተቱ፤ ቀመሱም፤ «የጾም ነው» ብለው መሰከሩ።

አክስቴ አልተበገሩም። «ዛሬማ ለእኔ ብሎ ይሆናል። ሊያታልለኝ።»

«ሁልጊዜ ነው፣ እትዬ። ረቡዕና ዓርብ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ገብቶ አያውቅም። የጾሙ ያለቀ ቀን ባዶ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። እናቱ እዚህ የለችም፣ የሰፈሩ ሰው አያውቀውም፣ ተማሪዎቹ የሉም። ቢበላ ማንም አያየውም።»

«ማንም ካላየው አንቺ በምን አወቅሽ?»

መልሱ አንድ ብቻ ነበር። ወደ ጓዳ ልሮጥ አሰብኩ።

«እኔ አየዋለሁ» አልኩ።

የኪዳነማርያም ጆሮ እንደ በርበሬ ቀላ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ አክስቴ ቀስ ብለው።

«ከካቻምና... ከካቻምና ፍልሰታ ጀምሮ።»

«ዓመት ሙሉ!» አክስቴ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ዓመት ሙሉ ወንድ ስታይ! ዝም ብላ! እኔ ደግሞ አንገቷን የደፋች ልጅ አለችኝ እያልኩ!» ጦጣዋ በዚህ ሰዓት ሙሉ በሙሉ ተረሳች። እትዬ የሺ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይንፈቀፈቃሉ።

አክስቴ ተነሥተው ነጠላውን ከሥዕሉ ላይ አነሱ። ሥዕሏን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ከዚያ ወደ ኪዳነማርያም ዞረው «ከየትም ና» አሉት። «የምትሄድበትን አውቄዋለሁ። እሑድ ይምጡ።»

መምሬ ከመሄዳቸው በፊት ቅጣታችንን ሰጡን። አክስቴ ረቡዕን ወጥመድ ስላደረጉ ስግደት ተሰጣቸው። እትዬ የሺ ለወሬው፣ እኔ ለጉርሻው። «እሱስ?» አሉ አክስቴ ተስፋ ሳይቆርጡ። «እሱ ምን አደረገ?» አሉ መምሬ። ስለዚህ ከዚያ ቤት ያለ ቅጣት የወጣው የጦጣ ዘመዱ ብቻ ነው። በማግስቱ ተጠርቶ መጥቶ የተረፈውን ዶሮ በላ፤ ጉርሻውንም ተቀበለ። እኔ ጉልበቴን ይዤ ከሩቅ አየሁት።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ነበርኩ፤ ጆሮዬ ግን መጋረጃው ላይ ነበር። ሁሉም ነገር በደንቡ ሄደ፤ ሥጋ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ይቆጠር ተባለ። አክስቴ የእኛን ቆጠሩ። በእነሱ በኩል ከደብረ ብርሃን የመጡ የኪዳነማርያም ትልቅ አጎት ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። የድሮ ሰው ናቸው፤ ዘር ሲቆጥሩ ደማቸው ይሞቃል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደኖረ፣ በምን እንደታወቀ እያከሉ ወደ ላይ ወጡ። ሰባተኛው ላይ ደረሱ። አላቆሙም።

«የእሱ አባት ደግሞ...»

«ይበቃል አባቴ» አሉ አክስቴ።

«ኧረ ገና ነው! የእኛ ዘር ሩቅ ነው የሚቆጠረው። የእሱ አባት አባት ደግሞ፣ ጫካ ውስጥ ነበር የሚኖረው ይባላል...»

«ይበቃል!» አክስቴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ! ወስዳችኋል! ሰባት ይበቃል! ከዚያ በላይ ላሉት ሁሉ ነፍስ ይማር!»

ሽማግሌዎቹ ነገሩ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ግን ነፍስ ይማር ሲባል ዝም አይባልም። ግራ እየተጋቡ አንድ በአንድ ተነሡ፤ ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ነፍስ ይማር» አሉ።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ፣ አምስት ኪሎ መስታወት ውስጥ የተኛችውን ያቺን አጭር ሴትዮ አሰብኳት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ሳቄን ለማፈን ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁት፤ ጉንጬ እንደ ረቡዕ ዕለቱ ተወጠረ፤ በዚህ ጊዜ ግን ማንም አልደነገጠም።